ቅሬያችን ለእርጎ ጥብቅና የቆመ ዕለት

እኛ የከሚሴ ሰዎች ሰው ብቻውን ሲቆም ማየት አንችልም። በሽታ ነው መሰለኝ። አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ሰማይ ቢያንጋጥጥ ከጎኑ ሄደን አብረነው እናንጋጥጣለን፤ ምን እንደሚታይ የምንጠይቀው ኋላ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ደሴ የሚያልፍ ሰውዬ መኪናውን ዳር አስይዞ በስልክ ሲያወራ፣ ተበላሽቶበት ነው ብለን ተረባርበን ገፋንለት። እሱ በመስኮት እጁን እያወናጨፈ የሆነ ነገር ይላል፣ እኛ "አብሽር፣ አብሽር" እያልን እንገፋለን። ድልድዩን አሻግረን ነው የለቀቅነው። ስልኩን ጨርሶ ይሁን ሳይጨርስ እንጃ፣ ብቻ ሳያመሰግነን ሄደ። ያኔ "ምን ያለው ምስጋና ቢስ ነው" ብዬ በየሱቁ አውርቼበታለሁ። አሁን ሰውየውን ባገኘው ደህና ጫማ መርጬ እሰጠውና አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ እለው ነበር።

ምክንያቱም እኔ ራሴ በቅርቡ ያልተበላሸ ነገር ገፍቼ ገደል ከትቻለሁ።

ስሜ ዘሀራ ነው። ከሚሴ ገበያ ጫማ እሸጣለሁ፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ እወርዳለሁ። እኔ እያወራሁ ይሄን የምትጽፈው የወንድሜ ልጅ መዲና ናት። "አክስቴ፣ ቀስ በይ፣ ጣቴ አልደረሰብሽም" ትለኛለች። ጣቷ ምን አጠፋ፤ ያጠፋው አፌ ነው፣ አፌ ራሱ ይካስ።

መዲና ኬሚስትሪ ተመርቃለች። ስራ ፍለጋ ያልረገጠችው ቢሮ የለም፤ ሁሉም "እንደውልልሻለን" ብሏታል፣ ስልኩ ግን እስካሁን አልጮኸም። እናትና አባቷ ጨፋ ሮቢት ናቸው፣ እሷ እኔ ዘንድ ናት። ቤት ተቀምጣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የምትሰራው ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ የዓለም ሰው ሁሉ ተባብሮ የሚሞላው የእውቀት ማከማቻ አለ አሉ፤ እሷ "የመረጃ ቋት" ትለዋለች። እኔ ቋት የማውቀው ወፍጮ ቤት ዱቄት የሚወርድበትን ነው። ግን ነገሩ ብዙም አይራራቅም፤ ማንም ያመጣውን ያፈስሳል፣ ማንም መጥቶ ይቀዳል። ልዩነቱ፣ በዚህኛው ቋት አንዱ ያፈሰሰውን ሌላው "ጠጠር አለበት" ብሎ መልቀም ይችላል። የመዲና ድርሻ ኬሚካሎቹ ናቸው። እያንዳንዱ ውህድ የራሱ ገጽ አለው፣ ገጹ ላይ "ይሄ ከምን ወገን ነው" የሚባልበት ቦታ አለ። ከአሲድ ነው፣ ከጨው ነው፣ ከስኳር ነው፣ ራሱን የቻለ አንድ ውህድ ነው ወይስ የሌሎች የጋራ ስም ነው። እሷ ወገን ወገኑን እየለየች ትመድባለች። ክፍያ የለውም። ለምን ትደክሚያለሽ ስላት "እንዳልረሳው" አለችኝ። ትምህርቱን ማለቷ ነው።

እኔ ደግሞ ነገሩ ቀለለኝ። ወገን መለየት እኮ የኛ ስራ ነው። ከሚሴ ላይ "አካም ጅርታ፣ ፈያ" ተባብለን ሳንጨርስ "የማን ልጅ ነሽ" ነው የሚከተለው። እኔማ በዚህ የታወቅሁ ነኝ፤ ጫማ ሊገዛ የገባ ሰው ዘመዴ ሳይሆን የወጣበት ቀን የለም። እና አንድ ቀን እጄን ግሊሰሪን እየቀባሁ፣ እንደ አዋቂ፣ "አልኮል የሚባለውን ወገን ብቻ እዚህ ቤት እንዳታስገቢው" ብላት፣ ቀና ሳትል "አክስቴ፣ የያዝሽው ግሊሰሪን ከአልኮል ወገን ነው" አለችኝ። ጠርሙሱን እንደ እባብ ነው የወረወርኩት። ጥቂት ቀን ሰነበትኩና እጄ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጠቀ። ሼኹን ሄጄ ጠየቅኋቸው።

"ትጠጪዋለሽ?" አሉኝ።

"አስተግፊሩላህ፣ ኧረ እጄን ነው የምቀባው።"

"እንግዲያ ተቀቢ" አሉኝና ወደ ኪታባቸው ተመለሱ።

ያኔ መማር ነበረብኝ። ይሄ የኬሚካል ወገን የሚባለው እኔ በለመድኩት የዘመድ ቆጠራ አይሄድም ብዬ አርፌ መቀመጥ ነበረብኝ። አልተማርኩም።

እዚያ ቋት ላይ ያሉት የኬሚስትሪ ሰዎች መዲናን ወደዋት ነበር። መልኳን አያውቁም፣ ያዩት ስራዋን ነው። ብዙ ገጽ በአንድ ጊዜ የማረም ፈቃድ አለ፣ ለታመነ ሰው ብቻ የሚሰጥ፤ እሱን ሊሰጧት እየተመካከሩ ነበር። አንድ ቀን እንደ ቀልድ አድርጋ "እዚህ ኬሚስት ብሎ የጠራኝ የለም፣ እዚያ ግን ይሉኛል" አለችኝ። እንደ ቀልድ የተነገረ ነገር ነው ሆድ ውስጥ የሚቀረው።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ከባቲ ጫማዬን ተሸክሜ ስመለስ ላፕቶፑ ተከድኖ፣ እሷም ተከድና አገኘኋት።

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይሆንም።"

"ስራዬን ሰው ሻረብኝ።"

"ማነው እሱ?"

"ነጭ ቁራ ይባላል።"

"እናቱ ናት እንዲህ ያለችው?"

"ራሱ ነው ያወጣው። እዚያ ሰው የፈለገውን ስም ያወጣል።"

"የማን ልጅ ነው?"

"አላውቅም።"

"አገሩስ?"

"አይታወቅም፣ አክስቴ።"

አገሩ የማይታወቅ፣ አባቱ የማይታወቅ፣ ራሱን ቁራ ብሎ የሰየመ ሰው የወንድሜን ልጅ ስራ ሻረ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ነገሩ ላክቲክ አሲድ የሚሉት ነው። ወተት ሲረጋ የሚያኮመጥጠው እሱ ነው አለችኝ። መዲና "አንድ ውህድ ነው" ብላ መድባዋለች። ቁራው "የለም፣ የሁለት ውህዶች የጋራ ስም ነው፣ ሕጉን አንብቢ" ብሎ ከመደበችው አውጥቶታል። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ቃል ነው፤ እርጎ። ጨፋ ላይ ተወልዳ፣ ኢቲቱ፣ የኛን የቅል እርጎ፣ እየጠጣች ላደገች ልጅ ቁራ ስለ እርጎ ሊያስተምር መጣ።

"አብሽሪ፣ ተይው፣ እኔ አየዋለሁ" አለችኝ። በነጋታው እናቷ ለማሽላ አጨዳው ፈልጋት ጨፋ ሮቢት ሄደች። "እኔ አየዋለሁ" ማለት ግልጽ አማርኛ ነው፣ ትርጉም አያሻውም። እኔ ግን ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ነኝ።

ቅሬ ታውቃላችሁ አይደል? ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ቀብር ሲሆን፣ ለቅሶ ሲሆን የሰፈሩ ሰው አንድ ላይ የሚቆምበት። የኛ ቅሬ ግን ለሞተ ብቻ አይቆምም። ለተበደለም ይቆማል፣ ለታሰረም ይቆማል፣ ላሙ ለጠፋበትም ይቆማል። የሚመሩን አያ ሁሴን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ከብት ሲነግዱ የኖሩ፣ በመሬትም በደምም የተጣላ ሰው ሲያስታርቁ የሸበቱ። በዚያው ሳምንት ቅሬው ተሰብስቦ ስለ ምንጣፍ ማሳጠብ ሲነጋገር እጄን አወጣሁ።

"ልጃችን ተበድላለች" አልኩ።

"የትኛዋ?" አሉ አያ ሁሴን።

"መዲና።"

"ማን በደላት?"

"ቁራ የሚባል።"

"ምን አደረጋት?"

"እርጎ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው አላት።"

አያ ሁሴን ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

"ቅሉ ነው ሁለት ወይስ እርጎው?"

"እርጎው።"

"እንግዲህ ይሄ ሰው ላም አያውቅም" አሉ።

ተሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያጠፋኝ። ሰው ከሳቀልኝ ማቆም አልችልም። ልጅቷ ስራ እንደሌላት፣ ተስፋዋ ይሄ ብቻ እንደሆነ፣ ሰውየው ቀንቶባት እንደሆነ፣ አንዱን እውነት ሁለት ውሸት እያስታቀፍኩ ዘረገፍኩት። ላክቲክ የሚለው ቃል ግን ካፌ አልወጣም። ረስቼው ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ከድጃ ስልኳ ላይ ፈላልጋ ቦታውን አገኘችው። ከገጹ ጀርባ መወያያ አለው፣ ማንም ተመዝግቦ ሀሳቡን መጻፍ ይችላል አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘን። ከድጃ ሱቅ ዋይፋይ አለ፤ ሁላችንም እዚያ ተሰለፍን። ስልክ ያለው በስልኩ፣ የሌለው በጎረቤቱ። "መዲና እውነቷን ነው" አለ አንዱ። "መዲና ዱጋ ቀብዲ" አለ ሌላው በኦሮምኛ፣ ያው እውነት አላት ማለት ነው። ከድጃ "ነጭ ቁራ ሆይ፣ አላህ ልብ ይስጥህ" ብላ ጻፈች። አያ ሁሴን በርጩማ ተሰጥቷቸው አስጻፉ፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ዱዓ፣ ቀጥሎ መዲና የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነች እስከ ቅድመ አያቷ ቆጠሩና በመጨረሻ "ይህች ልጅ ያለችው ሁሉ እውነት ለመሆኑ እኔ እመሰክራለሁ" አሉ። እኔም ተመዘገብኩ። ስም አስገቢ ሲሉኝ "የመዲና አክስት" አልኩ። ምን ልበል ታዲያ፣ ወፍ ነኝ ልበል?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ። አንበሳ ከታሰረ ቁራማ ምን ያቅታል። የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስገባ ከኩራቴ ብዛት በሩ ጠበበኝ።

መዲና በማግስቱ መጣች። በቀጥታ ሱቄ ነው የመጣችው። ሰላም አላለችኝም፤ ሰላም ሳትለኝ ገብታ አታውቅም። ላፕቶፑን ጫማዎቹ ላይ ከፍታ ወደኔ አዞረችው።

"ታገድኩ" አለች።

"ማን አገደሽ? ያ ቁራ ነው?"

"አንቺ ነሽ፣ አክስቴ።"

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ባትቆጣ ነው የከፋኝ። እዚያ ቦታ ክርክር ሲኖር አንድ ሰው በብዙ ስም እየተመዘገበ ራሱን በራሱ መደገፉ ትልቅ ነውር ነው። አሻንጉሊት ማጫወት ይሉታል። ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ጽፈው የማያውቁ ሰዎች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ዋይፋይ ግር ብለው መጥተው "መዲና እውነቷን ነው" ሲሉ አስተዳዳሪዎቹ ምን ይበሉ? ሁሉም መዲና ናት አሉ። ከድጃም መዲና ናት። አያ ሁሴንም መዲና ናቸው። "የመዲና አክስት"ማ ጭራሽ ስሟን ለመደበቅ እንኳ ያልደከመች መዲና። ሁላችንንም አንድ ላይ ዘጉብን።

"ደግሞ" አለች፣ "ክርክሩ አልቆ ነበር።"

"እንዴት አለቀ?"

"ጨፋ ሮቢት ሆኜ ሕጉን አነበብኩት። እሱ ነው ልክ። ተሳስቻለሁ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ጻፍኩለት። እሱም አመሰገነኝ። ከናንተ በፊት ነው ይሄ።"

ልብ በሉልኝ። ልጅቷ ተሳስቻለሁ ካለች በኋላ ነው እኛ "አልተሳሳተችም" ብለን የደረስነው። ታርቀው የተኙ ባልና ሚስት በር አንኳኩቶ "ተፋቱ" የሚል ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ነን።

እኔ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። "እርጎ እንዴት ሁለት ይሆናል?" አልኳት። ከመደርደሪያው አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ አወረደች።

"ይሄና ይሄ አንድ ነው?"

"አንድ ነው።"

"ፕላስቲኩ?"

"አንድ።"

"ቁጥሩ?"

"አንድ ነው አልኩሽ እኮ።"

"እስቲ ቀኙን ግራ እግርሽ ላይ አጥልቂው።"

አላጠለቅሁትም። ምን ላጠልቅ።

"ላክቲክ አሲዱም እንደዚህ ነው" አለች። "የተሰራበት ነገር አንድ ነው፣ ግን ቀኝና ግራ አለው። ስሙ የጥንዱ ስም ነው። እኔ ቸኩዬ ጥንዱን አንድ እግር ብዬ ጻፍኩት፣ እሱ ጥንድ ነው አለኝ። ይሄው ነው ነገሩ።"

ጫማ ነጋዴ ነኝ እኮ። ከከሚሴ ሰው ሁሉ ቀድሞ ሊገባኝ የሚገባ ነገር ነበር፣ ብጠይቃት ኖሮ። አልጠየቅኋትም። የሷን ጉዳይ ሳልሰማ ለሷ ጉዳይ አገር አነሳሁ። አዛኝ ቅቤ አንጓች ማለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ያለችኝ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። "አክስቴ፣ እዚህ ስሜ የአባቴ ስም ነው፣ ያንቺ ነው፣ የቅሬው ነው። ብሳሳትም ትሸፍኑኛላችሁ። እዚያ ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም። ስሜ ስራዬ ብቻ ነበር።" ይሄን ብላ ጫማውን ወደ ቦታው መለሰችው፤ ቀኙን በቀኝ፣ ግራውን በግራ አድርጋ።

ሀፍረት ሰው ሲስቅባችሁ ቀላል ነው። እናንተም አብራችሁ ትስቃላችሁ፣ ሌላ የሚሳቅበት ሰው ሲገኝ ያልፋል። የሚከብደው ማንም ሳይሰድባችሁ ሲቀር ነው። ደንበኛ ሲገባ እግሩን እንጂ ፊቱን ማየት አቃተኝ። አንዷማ "ዘሀራ፣ ዛሬ የማን ልጅ ነሽ አላልሽኝም" ብላኝ ሄደች። መዲና ራቷን ትበላለች፣ ሳህኗን ታነሳለች፣ ደህና እደሪ ትላለች። ላፕቶፑን ግን አትከፍትም። ያ የተዘጋ ላፕቶፕ ከቤቱ ሰው ሁሉ በላይ ይናገረኝ ነበር።

በመጨረሻ አያ ሁሴን ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር፤ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

"እንግዲህ እርጎው ሁለት ነው ማለት ነው?" አሉ።

"ነው።"

"እርግጥ?"

"መዲና ራሷ ብላለች።"

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም። "ዘሀራ" አሉኝ፣ "እኔ እኮ መሰከርኩ። እመሰክራለሁ ብዬ አስጻፍኩ። ሰው ምስክር ሆኖ ፊቴ ሲቀርብ መጀመሪያ የምጠይቀው 'በዓይንህ አይተሃል ወይ' ብዬ ነው። እኔ ምን አየሁ?"

ባላዩት መመስከር በዲናችን ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። እኔ ያቆሸሽኩት የመዲናን ስም ብቻ መስሎኝ ነበር። የኚህን ሽማግሌ አፍም አቆሽሼ ኖሯል።

"ቀድሜ የምጽፈው እኔ ነኝ" አሉና ዱላቸውን አነሱ።

የታገደ ሰው ይግባኝ የሚልበት አንዲት ጠባብ በር አለችው። በሷ ገባን። ያው ከድጃ ሱቅ ነው፣ ያው ስልክ ነው፤ ሳቁ ብቻ የለም። አያ ሁሴን "ባላየሁት መስክሬአለሁ፣ ምስክርነቴን አንስቻለሁ። ልጅቷ ግን ደህና ልጅ ናት፤ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ" ብለው አስጻፉ። ሌላውም እየመጣ "ኬሚስትሪ አላውቅም፣ ዘሀራ ነግራኝ ነው፣ መዲና አልላከችኝም" እያለ ጻፈ። አንዳንዱ "እኔስ አልዋረድም" ብሎ ቀረ፤ አልፈርድበትም። እኔ ተራዬ ሲደርስ ከሰው ፍቅራችን ጀምሬ፣ በቅሬ ታሪክ አድርጌ ልንደረደር ስል ከጎኔ የተቀመጠችው መዲና አቋረጠችኝ።

"ሰበብ አይፈልጉም፣ አክስቴ። ያደረግሽውን ብቻ።"

ያደረግሁትን ብቻ ስናገር እንዲህ አጭር እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። "እኔ ሰበሰብኳቸው። ነገሩን አላውቅም። እሷ የለችበትም።" በቃ። መዲና ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው።

ከአስተዳዳሪዎቹ ቀድሞ የመለሰው ቁራው ነው። ስራዋን ከቆየ ጀምሮ እንደሚያይ፣ ስህተቷን ማንም ሳያስገድዳት እንዳመነች፣ እገዳው እንዲነሳላት እንደሚጠይቅ ጽፏል። መጨረሻ ላይ "እኔም አክስት አለችኝ" ይላል። የማን ልጅ ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

የመዲና እገዳ ተነሳ። ያ ለታመነ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ግን ለጊዜው ይቆይ ተባለ። "ለጊዜው" እስከ መቼ እንደሆነ አልተጻፈም። "አብሽሪ፣ ይመጣል" ትለኛለች። ያጠፋሁት እኔ፣ የምታጽናናው እሷ። ላፕቶፑ ግን ተከፍቷል፤ ስትሰራ ድምጼን ቀንሼ ነው የማልፈው።

ሌሎቹ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ተለቀቁ። አስተባባሪዋ እኔ ስለሆንኩ እኔ ብቻ ቀረሁ። የከሚሴ በር ሁሉ ሳላንኳኳ የሚከፈትልኝ ሴት፣ በሩን እንኳ ካላየሁት ቤት ተባረርኩ። መዲና ውሳኔውን አነበበችልኝ፤ የመዲና አክስት፣ ምክንያቱ ሰው አስተባብራ ክርክር ማዛባት፣ ጊዜው ያልተወሰነ።

"ያልተወሰነ ማለት?"

"ማብቂያ የለውም ማለት ነው።"

"ሲቆይ ግን ይጠፋል አይደል ጽሑፉ?"

"እዚያ የተጻፈ አይጠፋም። የተሰረዘው እንኳ ይታያል።"

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እዚህ እኔ የሞትኩ ቀን ቅሬው ተሰብስቦ ደግ ደጉን ነው የሚያወራልኝ፣ ወጉ ነው። በሳምንቱ የተቀደደውን ጫማ የሸጥኩለት ሰው እንኳ "እጇ ሰፊ ነበር" ይልልኛል። እዚያ ግን ለቅሶ የሚደርስ በሌለበት አገር፣ ጥፋቴ ከነስሜ እንደተጻፈ ይኖራል። ከኔም ከልጆቼም ዕድሜ የሚያልፈው ነገሬ ምናልባት እሱ ነው። ይሁና። ውሸት አልጻፉብኝም።

ይሄን ስል መዲና መጻፏን አቁማ ቀና አለች።

"አክስቴ፣ ይሄኛውን ላጥፋው?"

"ተይው፣ ይኑር" አልኳት።